እጄ መርዶውን ቀድሞ ሲሰማ

ጥር 14፣ ረቡዕ፣ ምሽት

ዛሬም ያጣላን እጄ ነው። መ/ር አስናቀ ልምምዱን አስቁሞ፣ ቀኝ እጅሽ ደረትሽ ላይ ምን ይሠራል አለኝ። የትኛው እጅ? ዝቅ ብዬ ሳይ እውነትም ደረቴ ላይ ተለጥፏል። መቼ እንደወጣ አላየሁም። እኔ አላወጣሁትም ብዬ ብምልም በሐሰት አልማልኩም።

ገና ትናንት የተገዛሽ ደብተር ስለሆንሽ ነገሩን ልንገርሽ። ቀን ቀን መርሳ ከተማ ዋናው መንገድ ዳር፣ በወንድሜ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ካንዴላና የፍሬን ሸራ እሸጣለሁ። ከ11 ሰ. በኋላ የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ውስጥ ተዋናይ ነኝ። መ/ር አስናቀ የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት አማርኛ አስተማሪ ነው፤ የቴአትራችን ደራሲም አዘጋጅም እሱ። እኔ እናትየዋን ነኝ። ልጄ ርቆ ሄዶ ይሞታል። ግቢ እየጠረግሁ ሁለት ሽማግሌዎች በማለዳ መርዶ ይዘው ይመጣሉ። ቴአትሩ በሙሉ የተጻፈው ለዚያች ቅጽበት ነው። እኔም የማበላሸው እሷኑ።

አፍሽ ልጄን ይላል፣ ትከሻሽ ግን እዩኝ እዩኝ ይላል አለኝ መ/ር አስናቀ። ሂሩት ከወንበሯ ሆና ራሷን ነቀነቀች። ሂሩት ተጠባባቂዬ ናት። የካቲት 1 መርሳ ላይ የምጫወተው እኔ ነኝ። ወልድያ ትልቁ አዳራሽ ላይ ማን እንደሚጫወት ግን የመርሳው ታይቶ ይወሰናል። እኔ ወልድያን እፈልጋለሁ። እንዲህ አድርጌ የፈለግሁት ነገር የለም። ይኸው ተጻፈ።

ጥር 15፣ ሐሙስ፣ ሱቅ ውስጥ

የቤት ሥራ አለኝ። ምንም ሳታስተካክይ ሰውነትሽን እይ ተብያለሁ። እየሰለልኩት ነው።

እስካሁን የተያዘው፦ ስቆም ግራ እግሬ ላይ እተኛለሁ፤ ቀኙ ደመወዝ እንደሚበላ ዘበኛ ዝም ብሎ ይቆማል። ደንበኛ ዋጋ ሲከራከረኝ የእግሬ ጣቶች ጫማዬ ውስጥ መሬት ይቧጥጣሉ። ወንድሜ ሲገባ ሆዴን እስባለሁ። ለምን? ወንድሜ እኮ ነው። ደግሞ ዕቃው ኦርጅናል ነው ስል አንገቴ ወደ ትከሻዬ ይገባል። ኦርጅናል ያልሆነውን ማለቴ ነው። በትክክለኛው ዕቃ ላይ አንገቴ ወዴትም አይሄድም!

ይህን ሳገኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ሃያ ሰባት ዓመት አብሬው የኖርኩት አንገት፣ የሚያደርገውን ሳላውቅ። ሰው ሁሉ ግን ያይ ኖሯል።

ከሰዓት። ሞኝነት። አረማመዴን እያየሁ ስሄድ መራመድ ጠፋኝ። የትኛው እግር መቼ ይነሳል እያልኩ መሀል መንገድ ቆምኩ። ካሳሁን በባጃጁ ሊድጠኝ ነበር። ካሳሁን ከሽማግሌዎቹ አንዱን የሚጫወተው ነው። ምን ሆነሽ ነው ብሎ ጮኸብኝ። እግሬን እያየሁ ነው አልኩት። መንገዱንም ብታይው ጥሩ ነበር አለኝ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ዛሬ መቆም ብቻ። ሁላችንም መድረክ ላይ፣ ምንም ሳናደርግ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ትንሽ እንደቆየሁ ፊቴ ሳያስፈቅደኝ ማዘን ጀመረ። ቅንድቤ ወደ መሀል ተጠጋ፣ ከንፈሬ ወረደ። ማንም አላለቀሰብኝ፣ ምንም አልተነገረኝ። ሰው ስላየኝ ብቻ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? እኔ አንጀቴን ሳልጠይቅ ነው እንባ የማዘጋጀው። ይህን ማወቄ አላሳፈረኝም፣ ይገርማል። ሌባውን በር ላይ እንደያዝኩት ዓይነት ነው።

ሁለተኛው ሽማግሌ ሰይድ ነው፤ ልብስ ሰፊው። ጎብጦ፣ እጁን እያንቀጠቀጠ ገባ። መ/ር አስናቀ አባትህ እንዲህ ነው የሚሄዱት? አለው። ሰይድም ቆም ብሎ አሰበና፣ ወላሂ አባቴ ከኔ ይፈጥናል አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ መ/ር አስናቀ አንድ ሐሳብ አመጣ። መድረኩ አልሆነም፣ እውነተኛው ቦታ ይሁን አለ። ካሳሁንና ሰይድ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ አንድ ማለዳ እኛ በር ድረስ ይመጣሉ። እኔ ግቢ እየጠረግሁ እጠብቃለሁ። የትኛው ማለዳ እንደሆነ አይነገረኝም። ሲመጡ ሰውነቴ ምን እንደሚያደርግ እይዛለሁ። ሁላችንም ወደድነው። እኔ ከሁሉም የበለጠ።

አንዳችንም፣ ደብተሬ፣ አንዳችንም ሌላውን ነገር አላሰብንም። (ይህችን መስመር ማክሰኞ ተመልሼ ነው የጨመርኳት።)

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ፊደሌ ተበላሽቷል፣ እለፊው።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ናቸው። አጥር ይለየናል። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ አንድ ልጃቸው ደሳለኝ በአፋር መንገድ የጭነት መኪና ይነዳል። የእሳቸውም የእኛም በር ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ላይ ነው የተቀቡት፣ ቀለሙ ተርፎ።

ማለዳ። ገና ወፍ ሲንጫጫ። መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁ። በአጥሩ ቀዳዳ ሁለት ጋቢ የለበሱ ሰዎች ሲመጡ አየሁ። አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ አይነጋገሩም፣ አይቸኩሉም። ሰይድ መጉበጡን ትቶታል። እንዴት ያምራል አልኩ በሆዴ። ልቤ በደስታ ይመታል።

እትዬ ዘነበች በራቸውን ከፍተው ደጃቸውን ይጠርጋሉ። ካሳሁን በሩ ተምታታበት። እሳቸው ጋ ቆሙ።

በእኛ አገር በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አመጣጥ፣ ሁለት ጋቢ የለበሰ ወንድ ዝም ብሎ በርሽ ላይ ከቆመ ምን ሊል እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። የደሳለኝ ስልክ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ አይሠራም ኖሯል። ይህን እኔ አላወቅሁም።

እትዬ ዘነበች አልጮሁም። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ተንሸራተተ። ጎንበስ ብለው አነሱና እንደገና በደንብ አቆሙት፤ እንዳይወድቅ መዳፋቸውን ጫን አደረጉበት። ከዚያ ነጠላቸውን ገልብጠው አዘቀዘቁ። "ግቡ" አሉ። እራት ቀርቧል እንደሚባለው ዓይነት ድምፅ ነበር።

ይህን ሁሉ ያየሁት በቀዳዳው ነው። መሮጥ ሲገባኝ አየሁ። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

በባዶ እግሬ ስደርስ ሰይድ ተንበርክኮ፣ "ወላሂ ቴአትር ነው እማማ፣ ወላሂ ማንም አልሞተ!" ይላል። ካሳሁን ጋቢውን ጥሎ እንደ ግንድ ቆሟል። ቴአትር የሚለው ቃል እሳቸው ጋ አልደረሰም። ማን ነው የሞተው፣ የት ነው ያለው ይላሉ፣ ረጋ ብለው። ከማዶ ኡኡታ ተነሳ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች መግባት ጀመሩ። እኔ የልጁን ስልክ መደወል፣ መደወል፣ መደወል።

ረፋዱ ላይ ራሱ ደወለ። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ አድሮ ነው። እትዬ ዘነበች፣ ቁርስ በላህ ወይ፣ መኪናው ደህና ነው ወይ ብለው በደህና አነጋገሩት። ምንም አልነገሩትም። ስልኩን ሲዘጉ ሴቶቹ ደግፈው አስቀመጧቸው። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ሂጂ እንኳ አላሉኝም።

ጥር 21፣ ረቡዕ፣ አስተርዮ ማርያም

እናቴ አታናግረኝም። ስታናግረኝም፣ በመርዶ ይቀለዳል? እያለች ነው። ቤ/ክ ቅጥር ውስጥ እትዬ ዘነበች አጠገቤ አለፉ። ሰላም አላልኩም። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ደግሞ ይኸው ጉድ፦ እንዲያ ሆኜም ቀኝ እጄ የት እንዳለ አውቅ ነበር። ነጠላዬን ይዟል፣ ደረቴ ላይ አይደለም። ሳፍር እጄ ደረቴ ላይ አይወጣም። ይህን ልመዝግብ ወይስ ልፈር? ሁለቱንም አደረግሁ።

ጥር 23፣ ዓርብ

ለዕርቅ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። እውነተኛ ሽማግሌ። ግን እንዴት ተደርጎ? ሁለት ሽማግሌ ዳግመኛ እዚያ በር ላይ ቢቆም ሴትየዋን መግደል ነው። እናቴ ቀየሰችው። እኩለ ቀን ላይ ይሂዱ፤ ጋቢ አይልበሱ፤ ከሩቁ ጮክ ብለው እየተጨዋወቱ፣ ቢቻል እየሳቁ ይሂዱ አለች። ካሳሁን በባጃጁ ጭኗቸው፣ ዘፈን ከፍቶ፣ ጥሩምባውን እየነፋ አደረሳቸው። ሰርግ የመጣ ነው የሚመስለው። የሰፈሩ ልጆች ከኋላ ተከተሉ።

እትዬ ዘነበች ሽማግሌዎቹን አስገቡ። ይቅር ለእግዜር ብለዋል። እኔም ገብቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ራሴን ዳሰስ አድርገው ተዉኝ። ሌላ ቃል የለም።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ደስ ብሎኛል፣ ደስታዬም ያስጠላኛል።

ልምምድ ላይ ሽማግሌዎቹ ገቡ። መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። እንዲንሸራተት ለቀቅሁት። አነሳሁ፣ እንደገና አቆምኩ፣ መዳፌን ጫን። ነጠላዬን ገልብጬ ግቡ አልኩ።

ሂሩት ታለቅሳለች። ሂሩት! መ/ር አስናቀ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ከየት አመጣሽው አለኝ። ዝም ብሎ መጣልኝ አልኩት። አንገቴ ወደ ትከሻዬ ገባ። አወቅሁት፣ እሱ ግን አላየም።

ወልድያ እጄ ገባች ብዬ እየተንሳፈፍኩ ስወጣ ሰይድ በር ላይ ጠበቀኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ አለኝ። አብሽሪ፣ ለማንም አልናገርም፣ ግን ያ የእሳቸው ነው አለኝ። ተናደድኩበት። ተዋናይ ከሰው ካልወሰደ ከየት ይወስዳል? መንገድ ላይ ስከራከረው ቆየሁ፤ እሱ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላም።

ጥር 26፣ ሰኞ

ሞተ። ቅዳሜ የነበረው ነገር ዛሬ የለም።

ሁሉንም እንደዚያው አደረግሁ። ግድግዳ፣ መንሸራተት፣ መዳፍ። መ/ር አስናቀ ዛሬ ምን ነካሽ፣ እንደ ቅዳሜው አድርጊው አለ። እንደ ቅዳሜው ነው እኮ ያደረግሁት! እንደገና። ቀስ ብዬ። በግራ እጄ። ባሰበት።

ስወጣ ምን እንደሆነ ገባኝ። ካሳሁንና ሰይድ ገና ከመጋረጃው ሳይወጡ እጄ ወደ ግድግዳው ተነስቷል። ትንሽ ናት፣ የጣት ያህል። ግን እጄ መርዶውን ከጆሮዬ ቀድሞ ሰምቷል። የእትዬ ዘነበች እጅ ምንም አያውቅም ነበር፤ መጥረጊያው ሲወድቅ እሳቸውንም አስደንግጧቸዋል። የኔ መጥረጊያ የሚወድቀው በቀጠሮ ነው።

እንግዲህ ራስን ማየት ማለት ይህ ከሆነ፣ ባላይ ይሻለኝ ነበር? አይ። ባላየው ኖሮ ሂሩት እስክትነግረኝ እደግመው ነበር። ሰውነቴን ማወቄ አይደለም ያበላሸው፤ የሌላ ሰው ሰውነት እንዲሆን ማዘዜ ነው መሰለኝ። መሰለኝ ነው ያልኩት። ነገ ሌላ ልል እችላለሁ።

ጥር 28፣ ረቡዕ

እትዬ ዘነበች ዘንድ ሄድኩ። ከሩቁ ጮክ ብዬ እየተጣራሁ፣ በቀን ብርሃን። ምስር እየለቀሙ ነበር። ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በቀዳዳው ማየቴን፣ ቅዳሜ መድረክ ላይ ማድረጌን፣ ሰኞ መሞቱን። እጃቸው ምስሩን መልቀም አላቆመም።

እኔ መጥረጊያ ይዤ ነበር እንዴ አሉኝ።

አያስታውሱም! ማስደገፋቸውን፣ መንሸራተቱን፣ ምንም። የሚያስታውሱት ውስጥ እግራቸው መቃጠሉን ነው፤ ፍም የረገጥኩ ነው የመሰለኝ አሉ። ሌላው ደግሞ የደጁ ግማሽ አለመጠረጉ። ለቀስተኛ ሊገባ ነው፣ ደጄ እንዲህ ሆኖ ብለው ማፈራቸውን ያስታውሳሉ። በዚያ ሰዓት ጥራጊ!

ከዚያ ምስሩን አስቀመጡት። "ምናለ ጠርጌ እስክጨርስ ቆመው ቢጠብቁኝ ኖሮ" አሉ። "አውቄያለሁ እኮ። ገና ከመታጠፊያው ሳያቸው አውቄያለሁ። ግን አፋቸውን እስኪከፍቱ ልጄ አለ።"

አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ለመሆኑ ያንን ልጅ በቴአትሩ ባታስገድሉት ምን ይላችኋል አሉኝ። መምህሩ ነው የጻፈው አልኳቸው። እሱ ልጅ የለውም? አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። መጥረጊያውን ከፈለግሽ ውሰጅው፣ እኔ ግን መጥቼ አላይም አሉኝ። ይቅር በሉኝ አልኳቸው። ዛሬ ነው ይቅር ያልኩሽ አሉኝ፣ ያኔ ለሽማግሌዎቹ ብዬ ነው።

ጥር 30፣ ዓርብ

ጠዋት የራሳችንን ግቢ ጠረግሁ። የምር፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሞልቶታል። ስጠርግ ሰውነቴ ሌላ ሰው ነው። እጄ ደረቴን አያውቀውም። ትከሻዬ ማንንም እዩኝ አይልም። ጀርባዬ ታጥፏል፣ ትንፋሼ ከክንዴ ጋር ይሄዳል። አዳራሹ ውስጥ ለካ ባዶ ሲሚንቶ ነው ስጠርግ የከረምኩት! አየር እየጠረግሁ እውነት ይውጣልኝ እላለሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ከዚያ ሞከርኩ። ሁለቱ ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል አልኩ ለራሴ። ቀና አልልም። ምንም አልወሰንኩም፣ ጠበቅሁ ብቻ። መጥረጊያዬ በሩን መሸሽ ጀመረ። የጠረግሁትን እንደገና ጠረግሁ። አንዲት ቅጠል ስትቀር እሷን ተውኳትና ወደ ሌላ ጥግ ሄድኩ። ለምን እንደተውኳት ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ ጥራጊው ካለቀ ቀና ማለት አለብኝ። ከአንገቴ በታች ቀዘቀዘኝ። ይህ የእትዬ ዘነበች አይደለም፤ እሳቸው ያላገኙት ነገር ነው። የኔ ነው ለማለትም አልደፍርም።

ማታ ልምምድ ላይ መጥረጌን ቀጠልኩ። ካሳሁንና ሰይድ ግራ ተጋብተው ቆሙ። መ/ር አስናቀ በቃ! ብሎ ጮኸ። ተመልካች ይሰለቻል፤ ሁለት ጊዜ ጠረግ ጠረግ፣ ከዚያ መጥረጊያውን አስደግፊ፣ የቅዳሜው ነው የሚሠራው አለ። ላስረዳው ሞከርኩ። ነገ ያልኩሽን ካላደረግሽ ወልድያ ሂሩት ናት አለኝ፤ በሁሉም ፊት። ሂሩት ጫማዋን አየች። ዛሬ እንደማዘን ብላለች፣ ፊቷን ሰልዬው ነበር።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰ.፣ ከመጋረጃው ኋላ

ሞልቷል። ከጎረቤት ከተሞች፣ ከውርጌሳም ከግራናም የመጣ ሰው አለ። እናቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት። እትዬ ዘነበች የሉም፤ እንዳሉት።

ሰውነቴ፦ የእግሬ ጣቶች ይቧጥጣሉ። ቀኝ እጄ እስክሪብቶ ይዟል፣ ሌላ ምንም አላሰበም። ሆዴ ወልድያ ወልድያ ይላል። እሰማዋለሁ። ይበል።

አንድ ማዳበሪያ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከቤት አምጥቻለሁ። ካሳሁን አሁን መድረኩ ላይ በተነልኝ። ሂሩት አየችን። ለመምህሩ ትናገራለች ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብላ፣ መብራቱ የማይደርስበት ጥግ የወደቀውን ወደ መሀል ገፋችልኝ። ስለ ሰው ምንም አላውቅም፣ ደብተሬ።

ሽማግሌዎቼን ጠርቼ ነገርኳቸው። መጥታችሁ ቁሙ። እኔ ቀና ብዬ ሳላያችሁ አንዳችሁም አፋችሁን እንዳትከፍቱ። ስንት ደቂቃ እንቁም አለ ሰይድ። አላውቅም አልኩት። ቅጠሉ ሲያልቅ ነው? እሱንም አላውቅም። መ/ር አስናቀ ከኋላ ሆኖ ቢጮህስ አለ ካሳሁን። ሕዝቡም ቢጮህ አትናገሩ። ወልድያ ትቀርብሻለች እኮ አለኝ።

ትቅር። ልጄን አቻኩዬ አልገድለውም።